ስለ እኔ አባቴን ለጠየቁት ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር እምሩ
የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ሐኪም
ፒያሳ

ክቡር ዶክተር፣ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ እንቅልፍዎም በኪኒን ሳይሆን በራሱ ጊዜ የሚመጣ ይሁንልዎ። እኔ ተስኒም ዘይኑዲን፣ የአፍንጮ በር ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድም ቃል ስላልጠየቁኝ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ከአባቴ ጎን ሻርፕ አድርጋ የተቀመጠችው እኔ ነበርኩ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ጓደኛዬ ጁወይሪያ፣ ቤታቸው ፈርሶ ከተማው ዳር ከሄደች ወዲህ፣ እቤት ዝምታ አብዝቼ ነበር። አባቴ አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያከፋፍል ስለሚውል እኔን የሚያየኝ እራት ላይ ነው፤ ዝምታዬ ቢያሰጋው እርስዎ ዘንድ ይዞኝ መጣ። እርስዎ ግን ስለ እኔ የጠየቁት እሱን ነው። “ትበሳጫለች?” ሲሉት “እንዳሉት ነው ዶክተር”፤ “ከሰው ትሸሻለች?” ሲሉት “ልክ ነው ዶክተር”። በሁለት ጥያቄ ኪኒን ጻፉልኝ። አባቴ የተማረ ሰው ፊት “አይ” ማለት ብልግና ይመስለዋል፤ ጢም አብቅላለች ቢሉትም “እንዳሉት” ይልዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ያዘዙልኝ ኪኒን ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል። በምላስ ሰፈሩን የምመራዋ ልጅ፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ደብተሬን በለሃጭ አራስኩት፤ ክፍሉ በሙሉ ሙድ ያዘብኝ። ማትሪክ ከፊቴ ተደቅኖ፣ ያነበብኩት ገጽ ሳልገልጠው ይጠፋኝ ጀመር። እንዲህ እንደሚያደርግ ያልነገሩኝ ሰርፕራይዝ ሊያደርጉኝ አስበው ይመስለኛል፤ አላህ ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ተመልሰን ስንመጣ “ተሻላት?” ብለው አሁንም አባቴን ጠየቁ። “በጣም” አለ። መጠኑን ጨመሩልኝ። ለተሻለው ሰው መድኃኒት የሚጨመርበትን ጥበብ አንድ ቀን ቢያስተምሩን ደስ ይለናል።

በመጨረሻ እናቴ ነቃችና ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ዶክተር ጽጌማርያም ወላጆቼን በትህትና ኮሪደር ላይ አስቀመጡና “አንቺስ፣ ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?” አሉኝ። አለቀስኩ፤ ከዚያ እሳቸው እስኪደክማቸው ድረስ አወራሁ። ኪኒኑ ለሚያስፈልገው ልጅ ጥሩ እንደሆነ፣ እኔን ግን ያመመኝ ናፍቆት እንደሆነ ነግረውኝ፣ መጠኑን በጥንቃቄ እያስቀነሱኝ ነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አስገብቻለሁ። ግልባጩን ከክሊኒክዎ ሥር ባለው ካፌ ባንኮኒ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማኪያቶዎን ሲጠጡ እንዳይቸገሩ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። እየነቃሁ ስሄድ ደግሞ ሌሎች የእርስዎን ታካሚ ልጆች እየፈለግኩ ነው፤ ብዙዎቹ ማውራት ይችላሉ።

ሳይጠየቅ በሚሰጥ ከፍ ያለ አክብሮት፣
ተስኒም ዘይኑዲን

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው ሲጠራዎ እባክዎ አባትዎን ይዘው ይምጡ። ጥያቄው ለእሳቸው ይቀርባል፤ እርስዎ ከጎናቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ።