ዝንብ የሚበላው ቅጠልሽ

የታደሰ እናት፣ ብዕሩን የያዘችው ልጃችን አስቴር ናት፤ ሻንቶ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለእረፍት መጥታ ነው። ቃሉ ግን የኔ ነው። ፊደል ባልቆጥርም የምናገረውን አውቃለሁ። ከቀበርንሽ ሁለት ክረምት አለፈ። ስለ ጤናዬ አትጠይቂኝ፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ምላሴ አለ።

ክፉውን ላስቀድም። ከቤታችን በታች ያለው ረግረግ ደረቀ። ያደረቀው ልጅሽ ታደሰ ነው፣ ያ ቂል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ውሃው ይውጣ ብሎ መሃሉን በቦይ ሰነጠቀው፤ ባህር ዛፍም ተከለበት። በበጋው ምንጩ እንደ ሽማግሌ ሽንት መንጠባጠብ ጀመረ። አስቴር ይህን አልጽፍም አለች፤ ጻፊ አልኳት።

ቀዩ ቅጠልሽም አብሮ ሄደ። ያ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚበቅለው፣ በጸጉሩ ጫፍ ሁሉ ጠል የመሰለ ሙጫ የሚይዘው፣ ዝንብ ሲያርፍበት ቀስ ብሎ ተጠቅልሎ የሚበላው። ያገባሁሽ ሰሞን ስሙን ብትጠይቂኝ አላውቀውም አልኩሽ፤ እዚሁ ተወልጄ ረግጬው ነበር የማልፈው። አንቺ ግን ተበላ ከሚባለው ቆላ የመጣሽ፣ ለአንድ እንስራ ውሃ ግማሽ ቀን ስትሄጂ ያደግሽ፣ ተንበርክከሽ አየሽው። ጉንዳን ይዘሽ አስቀመጥሽበት፤ እኔም የምጠብቃትን ላም ረስቼ አጠገብሽ ቁጭ አልኩ። መሬቱ ድሃ ነው፣ አያበላውም፣ ስለዚህ ራሱ አድኖ ይበላል፤ ከመሬቱ የሚፈልገው ውሃ ብቻ ነው አልሽ። እሱ ቀልቶ ባለበት ምንጭ አይነጥፍም ብለሽ እስከ ዕለተ ሞትሽ ዶማ አላስጠጋሽም።

አሁን የቀረው ከምንጩ ዓይን አጠገብ፣ ከአንድ ቁርበት የማይሰፋ እርጥብ ቦታ ነው። ታደሰ እሱንም ሊያስቆፍር ጎረቤቱን ለደቦ ጠራ። በኛ ዘንድ የቤቱ ሽማግሌ ሳይመርቅ ዶማ እንደማይነሳ ታውቂያለሽ። ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ምርቃቴን ጠበቁ። ዝም አልኩ። ፀሐይ ከረረች፣ ጎደሬው ተቀቅሎ ቀረበ፣ እኔ ዝም። አንዱ ጎረምሳ፣ ሽማግሌው ዝንብ በላተኛ ማምለክ ጀመረ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። የምትጠጣው ከዚህ ምንጭ አይደለም ወይ አልኩት። የቀረበላቸውን በሉና ዶማቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ከፍዬበታለሁ። ደቦን ሥራ ሳያስነካ የመለሰ ሰው ዳግመኛ ደቦ አይመጣለትም። በቆሎዬ ኮትኳች አጥቶ አረም ዋጠው። ታደሰ አያናግረኝም፤ ለብቻው ይበላል። ያንቺን ዓይን ይዞ ሲገላምጠኝ ልቤ ይቃጠላል። ይቅርታ ግን አልጠይቀውም።

ትናንት በከዘራዬ ወርጄ ቅጠሎችሽን አየኋቸው። ጥቂት ቀርተዋል፤ ጫፋቸው ጠቁሯል፣ ጠላቸውም ሳስቷል። ባህር ዛፉ ከጎናቸው ቆሞ ይጠጣል፤ የኔ ዝምታ ሥሩን አይቆርጠውም። አላታልልሽም።

ሌላው ሰው ሚስቱን እንዴት እንደሚያስታውስ አላውቅም። እኔ እስካለሁ ድረስ እዚያ ቦታ ላይ ምርቃት ከአፌ አይወጣም፤ ይህን ቃሌን ያዥልኝ። ከኔ በኋላ ግን የቤቱ ሽማግሌ ታደሰ ነው። የሚመርቀው እሱ ነው።

በቃ፣ አስቴር። አሁን አንብቢልኝ፤ ወንድምሽን የሰደብኩበትንም እንዳታልፊው።