ስልኬ አልተዘጋብሽም

ለምወድሽ ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ሻል ብሎታል። የስፌት መኪናዬም ተጠግኖ እንደ ልቡ ይሮጣል።

«እማዬ ስልኬን የማታነሳው ተቀይማኝ ነው ወይ?» ብለሽ አክስትሽን ጠይቀሻት ኖሯል። እኔ አንቺን ልቀየም? ነገሩ እንዲህ ነው። ዕጣ ወጣልሽ፣ ብድር ውሰጂ፣ ቦርጭሽን አጥፊ የሚሉ መልእክቶች በዝተውብኝ ነበር። ሰው ጽፎልኝ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ለሁሉም «አመሰግናለሁ ልጄ፣ አልፈልግም» እያልኩ መለስኩላቸው። እነሱም ባሰባቸው፤ ጭራሽ መደወል ጀመሩ። ስልክ ጠጋኙ ይህን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ፣ በመለሱላቸው ቁጥር ሰው እንዳለ ያውቃሉ እኮ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝና የማላውቀው ቁጥር ሁሉ እንዳይገባ አደረገልኝ።

እፎይ አልኩ። ግን የአንቺም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ አባትሽን አጽናናለሁ፤ እሱ ግን እህል አልወርድልህ አለው። ለካ ከዚያ ከሰው አገር ስትደውዪ ቁጥሩ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንቺንም ከሻጮቹ ጋር ደጅ አስቀርቼሻለሁ።

ትናንት ሄጄ አስከፈትኩት። ጠጋኙ «ሁሉም ተመልሰው ይመጣሉ» ቢለኝ፣ «ይምጡ፤ ብቻ እሷ ትምጣልኝ» አልኩት። ዛሬ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ብድር ቀረበልኝ። ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች ይባል የለ።

አሁን የማላውቀው ቁጥር በጠራ ቁጥር አንቺ ትሆኚ እንደሆነ ብዬ ከስፌቱ እነሳለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ከነዚያ ሁሉ አንዷ አንቺ ሁኚልኝ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ደግ ሰው አይለይሽ።

እናትሽ