ሞተር ላይ የጸለይኩት ጸሎት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ከጓደኛዬ ከሜሪ ጋር በሞተር አንኮበር መጣን። እሷ ገርጂ በሞተር ዕቃ እያደረሰች ነው የምትኖረው፣ እኔ ግን ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከአያት አደባባይ ጀምሮ ወገቧን ጨምድጄ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት። ተራራው ላይ ስንጠማዘዝ አንዴ ገለጥ ባደርገው ከጎኔ ገደል! በቃ ጆሮዋ ስር «ጌታዬ ያዘኝ! ያዘኝ!» እያልኩ ጮህኩ። ለካ እሷ በሄልሜቱ ውስጥ «ያዢ! ያዢ!» ነው የሰማችው። ፍሬን ያዢ ያልኳት መስሏት ጭብጥ ስታደርገው ሞተሩ ተንሸራቶ አፋፉ ላይ ቆመ።

«ምን አየሽ?» አለችኝ ሄልሜቷን እያወለቀች።

«ምንም፣ እየጸለይኩ ነው።»

«አንቺ! ልትገድዪን ነው እንዴ? ጌታ እኮ በሆድሽ ብትጸልዪም ይሰማል!»

እዛው መሬት ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። አሁን ደመናው ከበታቻችን ነው፣ ብርዱ ጉድ ነው፣ አልጋ ይዘን ትኩስ ሽሮ በልተናል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሜሪ «ነገ ከፈራሽ በሚኒባስ ተመለሺ፣ እኔ ከኋላ እከተልሻለሁ» አለችኝ።

«አልፈልግም» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።