ለአባባ የላክኸው ቁጥር

ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ፣ ዛሬ ግን ለተናደድኩብህ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? መንትዮቹ አደጉ? እኛ ጤናችን ደህና ነው፤ ካንተ ቁጥር በቀር ያመመን ነገር የለም።

የአባባ ቀኝ እጅ ከዛለ ወዲህ ሐኪሙ አእምሯቸውንም እጃቸውንም ሥራ አታስፈቷቸው ማለቱን ነግሬህ ነበር። አንተ ደግሞ እንደ መድኃኒት 1,022,117ን ላክህ፤ ከራሱና ከአንድ በቀር እኩል የሚከፍለው የሌለ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም ብለህ፣ ያውም ያለ ካልኩሌተር። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ላስተማረ ሰው ይህን መላክ ለእሳት ጭድ ማቀበል ነው። ጎዶሎ ስለሆነ ሁለት አይነካውም፣ አሃዞቹ ሲደመሩ አሥራ አራት ስለሆኑ ሦስትም አይገባውም እያሉ ጀመሩ። በሰባት አካፈሉት፣ አምስት ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ኪኒኑ ይረሳል። ወረቀት ሲያልቅባቸው የደንበኞቼን ልክ የያዝኩበት ደብተር ላይ ጻፉ። በ89 አካፍለው የተረፋቸውን 41 የእጅጌ ርዝመት መስሎኝ የሙሽራ ቀሚስ ቆረጥኩበት። ሙሽራዋ ያለችኝን አልጽፍልህም።

997 ላይ ሲደርሱ ደክሟቸው እርሳሱን ጣሉ። ከሺህ በታች ያሉት መቶ ስድሳ ስምንት ብቸኛ ቁጥሮች አንዳቸውም አልከፈሉትም፣ በቃ ብቸኛ ነው ብለው ለጎረቤታችን ለአናጢው አወጁ። ይህን ልነግርህ ብደውል ሳቅህ። 1011 በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ስለሚያልፍ እስከዚያ መሞከር ነበረባቸው፣ አንዲት 1009 ብቻ ቀርታቸዋለች፣ እንዳትነግሪያቸው፣ ደስ ይበላቸው አልከኝ። አንተ ስልኩን ዘጋህ፤ ውሸቱን ታቅፌ የቀረሁት እኔ ነኝ። እሑድ የድሮ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው እንደሚመጡ ስሰማ ደግሞ ጨነቀኝ። አንዱ ሰው ፊት ቢያርማቸውስ?

ቅዳሜ ነገርኳቸው። ምሳ ሳይቀምሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። አንተንም ራሴንም ረገምኩ። አመሻሹ ላይ ወረቀት አምጪ አሉኝ። በ1009 አካፈሉት፤ 1013 ደረሰ፣ ምንም አልተረፈም። እርሳሱን አስቀመጡና፣ «ልጁ ሰው በሚደክምበት ቦታ ነው የደበቀው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺስ ስህተቴን ለምን አልተውሽልኝም?» አሉኝ። «እርስዎ ለተማሪ ትተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ሳቁ። ራታቸውንም በቀኝ እጃቸው በሉ። በማግስቱ ለተማሪዎቻቸው መጀመሪያ የነገሯቸው የራሳቸውን ስህተት ነው።

አሁን ሌላ ቁጥር ይላክልኝ እያሉ ነው። እንዳትልክ። ካየሃቸው አራት ዓመት ሆኖሃል። ቁጥሩን ይዘህ ራስህ ና፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ አንተው አርም፣ እኔም መርፌዬን ልያዝ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ መንትዮቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። አባባ ሁላችሁንም ሰላም ብለዋል። አናጢውም ሰላም ብሎሃል፤ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ግን እስካሁን አላመነም።

ታላቅ እህትህ
ከስፌት ክፍሌ፣ የካቲት 9 ቀን