ቲየስ ከተማ ያደረገው ማሳ

ለዚህ ሁሉ ጣጣ ተጠያቂው ልጅህ ቲየስ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ሰላምታዬም አይጥመኝም። አሁን ግን ወንድሜ ሼንግ፣ እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? የካናዳ ብርድ ባለቤትህን ማርሌትን ዘንድሮም አስሏታል? እኔ ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝም ቢሆን ቆሜ እሄዳለሁ። እስካሁን ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ቲየስ ነበር፤ ይህን ግን ራሴ ጻፍኩት። በስድሳ ዓመቴ የቆጠርኩት ፊደል ነውና ተጣሞ ብታየው አትሳቅ።

የልጅህን ሥራ ታውቃለህ። ሳተላይት ከሰማይ ያነሳቸውን ፎቶዎች እያየ ከተሞች በየዓመቱ ወደ ገጠር ምን ያህል እንደገፉ ይለካል። ሁሉን በዓይኑ ማየት ስለማይችል ኮምፒውተሩን «ይህ ጣሪያ ነው፣ ይህ አፈር ነው» እያለ ያስተምረዋል፤ ኮምፒውተሩም ከተማውን በቀይ ይቀባል። በዚህ ጸደይ ካርታው ሲወጣ የአባታችን የአስፓራገስ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ አረፈው። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከተማው እዚያ ስለደረሰ መሬቱን ለቤት መሥሪያ ለመመደብ ስብሰባ እንደጠራ ጻፈልኝ።

ቲየስን ጠርቼ ማሳው ዳር አቆምኩት። ነጩ የአስፓራገስ ቡቃያ ከአፈር ወጥቶ ፀሐይ ካየ ቀለሙ ስለሚለወጥ መደቡን በነጭ ላስቲክ እንደምንሸፍን አትረሳውም። «እስቲ ጣሪያውን አሳየኝ» አልኩት። ፊቱ እንደ ላስቲኩ ነጣ።

«አክስቴ፣ የተሳሳተው እኮ ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ።

«ያስተማረውስ ማነው? ጎረቤቴ?» አልኩት።

እናንተ ስትሄዱ እኔ ዘንድ የቀረው፣ ያንን ላስቲክ አብሮኝ እየጎተተ ያደገው ልጅ፣ ነጭ ያየውን ሁሉ ጣሪያ ነው ብሎ አስተማረ! ይባስ ብሎም «ሳተላይቱ ተመልሶ እስኪያልፍ ላስቲኩን አንሺውና አፈሩ ይታይ» አለኝ። ምርቱ በሚነሳበት ሰሞን! «አንተ ያስተማርከውን አንተው አርም» ብዬ ሸኘሁት።

አረመው። የክረምቱን ፎቶ፣ ላስቲኩ ተነስቶ አፈሩ ራቁቱን የቀረበትን፣ ከጸደዩ ጎን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ አስተማረው። ስብሰባው ላይም ተነስቶ «ተሳስቻለሁ፤ ይህ ከተማ ሳይሆን የአክስቴ አስፓራገስ ነው» አለ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ ምሳችን የታለ?» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔ አልሳቅኩም። ማሳችን ግን ዛሬ በካርታው ላይ ቀይ አይደለም፤ ምደባውም ተሰርዟል። በመጪው ጸደይም ላስቲኬን እዘረጋለሁ። ከተማው መምጣት ካማረው በእግሩ ይምጣ እንጂ በልጅህ ቀለም አይመጣም።

ማርሌትን ሳምልኝ። ትንሿን ልጅህን ኢልሳን «አድገሻል አሉ» በልልኝ። አማትህንም ሰላም በላቸው፤ እኔን ካስታወሱኝ። ቲየስም ሰላም ብሎሃል፤ ትናንት የዘንድሮውን የመጨረሻ አስፓራገስ በአሳማ ካምና በቅቤ በልቶ ሄደ። በየዓመቱ ልጬ፣ ቀቅዬ፣ ሳህኑ ላይ አደርግለት ነበር፤ አፈሩን ያስረሳው ይኸው ነው። ከእንግዲህ ከፈለገ ራሱ ከመደቡ ያውጣ፤ እኔ አልልጥለትም።

እህትህ ፍሪዳ
ሊምበርግ፣ ከማስ ወንዝ ዳር
ጁን 25 ቀን 2019