ባልተሰጠኝ ሥልጣን ያሰርኳት ምድጃ

ሰኞ

ያለ ፈቃዱ ክብሪት እንኳ በማይጫርበት በእግዚአብሔር ስም። ዛሬ ገዘትኳቸው። «ጋዝ አምጪውን ሽማግሌ የለወጠች ውግዝ ትሁን!» አልኩ፤ ቁጣዬ አሁንም አልበረደም።

የእህቴ ልጅ ቤዛ ለዓይኔ ሕክምና ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ አጅማን ካስመጣችኝ ወዲህ፣ እርሷና ሦስት ጓደኞቿ በጋራ በተከራዩት ቤት፣ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል እኖራለሁ። አራቱም የነርስ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ ተሰብስበው፣ ሲሊንደር በስልክ ሲታዘዝ ወዲያው ወደሚያደርስ ሌላ አቅራቢ ሊዛወሩ ተስማሙ። ጋዝ አምጪው ከሪም ይዘገያል፤ የጋዙም ጎማ አርጅቷል አሉ። ከሪም ግን በዚህ አገር ደጄ ላይ ዐረፍ ብሎ የሚያጫውተኝ ብቸኛ ሰው ነው። እኔን የድጓ መምህሩን «ያ ሐጂ» እያለ ይጠራኛል፤ አላርመውም።

«የኔታ፣ ከሪምን ጠልተነው እኮ አይደለም» አለችኝ ከሁሉ የምታንሰው ማሕሌት። «የምንለውጠው ጋዝ ነው፣ ሃይማኖት አይደለም!» ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው አበገነኝ። ያ ቃል ከአፌ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ምሳ አልተሠራም፤ ሦስቱ ልምምድ ውለዋል፣ ማሕሌት ደረቅ ዳቦ እየገመጠች ታጠናለች። ፈተና ስለ ደረሰ ይሆናል። ስለ ዝውውሩ ያነሣ የለም። ታዘዙኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ትናንት ዓይኔ ስላስቸገረኝ አልጻፍኩም። ዛሬም ባልጽፍ በወደድኩ።

ማሕሌት ተቃጠለች። ጉንፋን ይዟት ነበርና ሻይ ልታፈላ ምድጃውን ስትለኩስ፣ ከጎማው ሥር ነበልባል ተነሣ። ቤዛ ሮጣ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋች። የማሕሌት ቀኝ እጅ እስከ አንጓው ተልጧል። ሐኪሙ ይድናል ብሏል፤ ተመስገን።

ቤዛ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ከጥላሸት እየወለወለች፣ ዞር ሳትል ተናገረችኝ።

«ጋሼ፣ ማሕሌትን ከማክሰኞ ጀምሮ ጋዝ ይሸታት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረችም?»

«ምን ትበል? ይሸታል ካለች 'ለውጡ' ማለቷ አይደል? ውግዝ እንዳትሆን ፈራች። እኛ ስንወጣ መስኮቱን እየከፈተች፣ ምድጃውን ሳትነካ ሰነበተች። ዛሬ ጉንፋኑ ሽታውን ሲያጠፋባት ደኅና የሆነ መሰላት።»

የማክሰኞውን ደረቅ ዳቦ አስታወስኩ። ተቀመጥኩ።

«ሻርጃ ከተማ ቢድ ስፔስ፣ የምትከራየው አልጋ፣ እየፈለገች ነው» አለች ቤዛ። «እዚህ አልቀመጥም ትላለች። ምድጃውን ፈርታ እንዳይመስልዎት፣ ጋሼ። እርስዎን ነው።»

ዓርብ

አገር ቤት ወዳሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። ነገሩን ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«መሪጌታ፣ አንተ ካህን ነህ?»

«አይደለሁም፣ አባቴ።»

«የማሰሩን ሥልጣን ታዲያ ማን ሰጠህ?»

ዕድሜዬን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የኖርኩ ሰው ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እያወቅሁ መናገሬ ነው የሚያንገበግበኝ። ቁጣዬን የእግዚአብሔር ቁጣ አስመስዬ በልጆች ላይ ጫንኩ። ግዝቱ ግዝት እንዳልሆነ በገዛ አፌ እንድነግራቸው፣ ቆሜም ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ።

አራቱም ባሉበት ቆሜ ተናገርኩ። ሦስቱ «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ!» እያሉ ጉልበቴን ሊስሙ ተሽቀዳደሙ። ማሕሌት ግን የታሸገ እጇን ታቅፋ «እግዚአብሔር ይፍታ፣ የኔታ» ከማለት በቀር ቀና ብላ አላየችኝም።

ቅዳሜ

አዲሱ ጋዝ መጣ። ያመጣው ሠራተኛ ጎማውን ለወጠ፤ መጋጠሚያውንም ሳሙና ቀብቶ እንዳያፈስ ፈተነ።

ለከሪም መናገር የእኔ ዕዳ ነበር። ካለችኝ ዐረብኛ «ጋዝ ኸላስ፣ ከሪም። ሙሽኪላ» አልኩት፣ ጋዙ አበቃ፣ ችግር ደረሰ ለማለት፤ የማሕሌትንም ቁስል በእጄ ላይ እያመለከትኩ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። ልጅቱ ደኅና መሆኗን ጠየቀኝ፤ ደኅና ናት አልኩት። ባዶውን ሲሊንደር ተሸክሞ ወጣ። ዛሬ ደጄ ላይ አልተቀመጠም።

ጎማው አርጅቷል ሲሉ ያን ዕለት ብነግረው ኖሮ ይለውጠው ነበር። ለእርሱ የቆምኩ መስሎኝ ለእርሱም ሳልሆነው ቀረሁ።

እሑድ

ከሻርጃ ከቅዳሴ ተመለስን። ማሕሌት አብራን አልሄደችም። ሻንጣዋ አልጋዋ ላይ ተከፍቶ ነበር።

በአዲሱ ጋዝ ምድጃውን ሊለኩስ እስካሁን የደፈረ የለም። ሁሉም ማሕሌትን ያያሉ፤ እርሷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ምድጃውን ታያለች። በሕይወቴ ጋዝ ለኩሼ አላውቅም። ክብሪቱን አነሣሁና ቁልፉን አዞርኩ።

«የኔታ፣ ይዝጉት! ይዝጉት!» ብላ ጮኸች። «መጀመሪያ ክብሪቱ፣ ከዚያ ቁልፉ! ጧፍ መሰለዎት እንዴ?»

«ሊያቃጥሉን ነው እኮ» አለች ቤዛ ሳቋ እያመለጣት።

ዘጋሁት። ጋዙ እስኪወጣ መስኮቱን ከፈቱ፤ ጥቂት ቆየን። ከዚያ ማሕሌት ቀረብ አለች። እኔ ክብሪቱን ጫርኩ፤ እርሷ በደኅናው እጇ ቁልፉን አዞረች። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ አለ። ማሕሌት ድስት ጣደች።

«ሻርጃስ?» አልኳት።

«ከፈተናው በኋላ አያለሁ፣ የኔታ።»

እንድትቀር የምለምንበት አፍ የለኝም።

ይህን የምታነብ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን ከእሳት፣ አንደበትህን ካልተሰጠህ ሥልጣን ይጠብቅልህ። በማዕድህ ዙሪያ የሚሰበሰቡ ሁሉ ሳይፈሩህ የሚበሉ ይሁኑልህ። አሜን።