ሳይታይ እንዲደፈን የታዘዘው የወጥ ቤታችን መስታወት

ለቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ጥር 14

ጉዳዩ፦ የወጥ ቤታችን የውስጥ መስኮት ከመደፈኑ በፊት በመሐንዲስ እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከታላቅ እህቴ ጋር በአሮጌው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ።

1. ወጥ ቤታችን ጠባብና መስኮት አልባ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አምፖል ካልበራ አያሠራም። የእህቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ ባለፈው ክረምት የጋለ ዘይት ክንዷ ላይ ተደፋባት። ዕድሜዋን ሙሉ በሆስፒታል ምግብ አብሳይነት የኖረች ናትና፣ ወጥ ቤት አትግቢ ማለት ቁጭ ብለሽ ሙቺ ማለት ሆነባት።

2. ስለዚህ የሕንፃውን ኮሚቴ አስፈቅደን፣ ከሳሎን የሚለየውን ግድግዳ የላይኛውን ግማሽ አስነሥተን መስታወት አስገባንበት። ግንበኛው መርምሮ፣ ግድግዳው ክፍል መለያ ብቻ እንደሆነና ጭነት እንደሌለበት ነግሮናል። ግዙፉን ቁም ሳጥን አውጥተን ጠባብ ነጭ መደርደሪያና ታጣፊ ጠረጴዛ አደረግን። ብርሃኑ ምድጃው ድረስ ገባ። እህቴ የመጀመሪያውን ሽንኩርት ከትፋ ስትጨርስ ጣቶቿን ዘርግታ አየችና “ሁሉም አሉ” ብላ ሳቀች።

3. ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤት የመኝታ ቤቷ ኮርኒስ ስለተሰነጠቀ አመለከተች። ሕፃን ልጇ የሚተኛው እዚያው ሥር ነውና አልፈርድባትም። ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩት ተቆጣጣሪ ግን ከበራችን አላለፉም። “ይግቡና ይዩት” ብላቸው “ከዚህ ይታየኛል” አሉኝ። ስንጥቁ በመስኮቱ የመጣ ነው ብለው፣ እስከ ዓርብ ካልደፈንነው ቤቱን እንደሚያሽጉም አስጠንቅቀው ሄዱ። መኝታ ቤቷ ያለው ግን ከወጥ ቤታችን ሥር ሳይሆን፣ ቧንቧው ካረጀው መታጠቢያ ቤታችን ሥር ነው።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እህቴ ደንግጣ ምድጃውን ታጠፋለች።

ትናንት ንዴቴን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ወረድሁ። ልጇን ታቅፋ እያለቀሰች ከፈተችልኝ፤ መስኮታችን ሊደፈን መሆኑን ብቻ ነገርኋት። “እኔ እኮ ይመርመርልኝ ነው ያልኩት፤ ያንቺ ቢደፈን የእኔ ስንጥቅ ይዘጋል?” አለችኝ። ኮርኒሱ ሥር እንዳይተኙ እናትና ልጅ እኛ ሳሎን አደሩ።

ስለዚህ መሐንዲስ ተልኮ ሁለቱንም ቤት ገብቶ እንዲያይ፣ እስከዚያም ትእዛዙ እንዲታገድልን በትሕትና እንለምናለን። ጥፋቱ የመስኮቱ ከሆነ በራሴ ወጪ አስደፍነዋለሁ። ካልሆነ ግን ኮርኒሱ ሕፃኑ ላይ ሳይወድቅ መንስኤው ይፈለግ።

ወደ ክቡርነትዎ የመጣነው ከሳሽና ተከሳሽ ሆነን ስላልሆነ ሁለታችንም ፈርመናል።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ልብስ ሰፊዋ፣ ሦስተኛ ፎቅ (ፊርማ)
የሕፃኑ እናት፣ ሁለተኛ ፎቅ (ፊርማ)